በቀን ሁለት ደቂቃ

ሰሞኑን አንድ የባጃጅ ሹፌር ደጃችን ላይ የሞተሩን ዕቃ ፈታትቶ በቤንዚን ሲያጥብ ሽታው ሳሎን ድረስ ገባና፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ሰልችቶኛል፤ ይህ ሽታ ግን ዛሬም እጄን ይዞ በንጉሡ ዘመን ወደነበረችው ነቀምቴ፣ ወደ ኦቦ ቀጀላ ደጃፍ ይወስደኛል።

ኦቦ ቀጀላ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ከገበያው በላይ ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ ማጉያ መነጽር በአንድ ዓይናቸው ቆንጥጠው፣ የሰው ሰዓት ሲፈቱና በቤንዚን ሲያጥቡ ይውላሉ። የእኔ ሰዓት አንዲት ሴኮንድ አትዛነፍም የሚል ደንበኛ ከመጣ ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፤ እንዲህ የሚል ሰው ወይ ሰዓቱን አያይም ወይ ይዋሻል ይሉ ነበር።

አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ በሰኔ ማለቂያ፣ የኪስ ሰዓቱ ከእጁ አምልጣ ሲሚንቶ ላይ ወደቀችና ቀጥ አለች፤ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገዴ ስለሆነ እንዳደርሳት ሰጠኝ። ኦቦ ቀጀላ ከፍተው አሳዩኝ፤ ግራና ቀኝ የምትወዛወዘውን ትንሽ መንኮራኩር የምትሸከም፣ ጫፏ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር ዘንግ ተሰብራለች። መለዋወጫዋ አዲስ አበባም ስለማይገኝ ከልብስ መርፌ ሊሠሯት ተነሡ። መርፌዋን በከሰል ፍም አግለው ያለሰልሷትና፣ በፈረስ ጭራ በተወጠረች ትንሽ ቀስት እያሽከረከሩ ጥቂት በጥቂት ይሞርዷታል። ሐምሌ ገባ፤ የወለጋ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ዓይናቸው መድከም ጀምሮ ስለነበር ያለ ፀሐይ አይሆንላቸውም፤ ብርሃን ብልጭ ሲል ወንበራቸውን ይዘው ደጃፍ ይወጣሉ፣ ደመናው ሲመለስ እየተነጫነጩ ይገባሉ። ሦስት ጊዜ ጫፏ ተቀጨ፣ ሦስት ጊዜ አዲስ መርፌ ይዘው ተቀመጡ። መስከረም ሲጠባ ሰዓቷ ሄደች። ጆሮዬ ላይ አድርገው ካሰሙኝ በኋላ፣ “ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አባትሽ አንድ ሳምንት ይያዛትና በቀን ስንት ደቂቃ እንደምትሳሳት መጥተሽ ንገሪኝ” አሉኝ።

አባቴ ግን ክረምቱን የእጅ ሰዓት ገዝቶ ለምዶ ነበርና፣ በዚያው ሳምንት ወደ ጊምቢ ለተዛወሩ ዳኛ ወዳጁ የመሸኛ ስጦታ አድርጎ ሰጣት። ይህን ለኦቦ ቀጀላ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። “አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ? ሰዓቷስ?” ብለው ሲጠይቁኝ፣ ምንም አትሳሳትም ብል እንደማያምኑኝ ስለማውቅ፣ “በቀን ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ትቀራለች” አልኳቸው። በብልጠቴ ትንሽ ኮርቼም ነበር።

ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ። “ሁለት ብዙ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አምጪያት፣ አስተካክላታለሁ” አሉ። አንድ ቀን አባቴ መንገድ ሄዷል፣ ሌላ ቀን ረሳሁት እያልኩ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ሳልፍ አዲስ መርፌ ይዘው ቀስቷን ሲስቡ አየኋቸው። ለማን እንደሚሠሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት የምሄደው ዞሬ በታችኛው መንገድ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓይናቸው ጨርሶ ደክሞ ክፍሏን ዘጉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቦታዋ ላይ ዛሬ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፤ በአንዲት መርፌ ላይ ክረምቱን ሙሉ የሚያጎነብስ ሰው በከተማው ይኑር አይኑር አላውቅም።

ዳኛውን ያገኘኋቸው መምህር ሆኜ ጊምቢ ስመደብ ነው፤ ኦቦ ቀጀላ ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰሙ ሰዓቷን ከኪሳቸው አወጡ። ማታ ማታ ከሬዲዮ ጋር እንደሚያስተያዩዋት፣ በሳምንት ግማሽ ደቂቃ እንኳ ስታ እንደማታውቅ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው፣ በእኔ ምክንያት እጄ ከዳኝ ብሎ ሞተ።

ዳኛው ክዳኗን ዘግተው፣ “አባትሽ እዚያው ነቀምቴ የተሠራች ናት ብሎኝ ነበር። የሠራትን ሰው ካገኘሽው ምስጋናዬን አድርሺልኝ” አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።