ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው በር

እኔና ትምህርት ቤት የተጣላነው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው። ጥፋቱ የሷ ነው። ከዚያ ሳውዲ እገባለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ፎክሬ ከወሎ ወጣሁ፣ የመን፣ አደን ከተማ ላይ ቆምኩ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ። ልብስ ስፌት ጀምሬ ትቻለሁ። ጢም ጀምሬያለሁ፣ እሱም ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አሁን የማወራችሁ ስለ አንድ በር ነው። ወላሂ፣ በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነውና ሳታቋርጡ ስሙኝ።

በሩ የእውነት በር አይደለም፣ ጌም ውስጥ ነው። ጌም ቤቱ ጀበል ሐዲድ የሚባለው ተራራ ስር፣ መንገዱ ዳር ነው። ባለቤቱ ሴት ናት፤ አባቷ የመናዊ ናቸው፣ እናቷ የደሴ ሰው፤ ደሴ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል፣ ስድቧ ደግሞ ከአማርኛዋ ይበልጣል። ኻላ ነው የምንላት፣ አክስቴ እንደማለት። ልጇ ጅዳ ሲሄድ አራት ቴሌቪዥንና አራት ማሽን ትቶላት ሄደ። ሦስቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸቱ ስታዲየም ነው። አራተኛው ጥግ ላይ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ቀን ወረፋ ሰልችቶኝ እዚያ ተቀመጥኩ። በቃ፣ ያኔ ተያዝኩ።

ጌሙ እንዲህ ነው። ደሴት ላይ ብቻህን ትነቃለህ። ሰው የለም፣ ጠላት የለም፣ ሽጉጥ የለም። ጽሑፍም የለም! እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ሌላው ጌም ሁሉ እንግሊዝኛ እየጻፈ ያሳፍረኛል። ይሄኛው ግን አስረኛ ክፍል የጨረሰውንም እኔንም እኩል አድርጎ ዳርቻው ላይ ይጥለናል። በፈለግክበት ሂድ። ዋሻ ግባ፣ ዛፍ ስር ተቀመጥ፣ ገደል ላይ ቁም። አደን ውስጥ ኑቅጣ ባየሁ ቁጥር፣ ወታደር የቆመበት ኬላ ማለቴ ነው፣ መንገድ እቀይራለሁ። እዚያ ግን ወረቀትህን አምጣ የሚል የለም። ደሴቱን ከአባቴ የወረስኩት ነው የሚመስለኝ።

በየቦታው የድንጋይ በር አለ። በሩ ላይ ሦስት በሦስት ሆኖ ዘጠኝ ቀዳዳ አለ። ትክክለኞቹን ቀዳዳዎች ከነካህ ይከፈታል፤ ከሳትክ "ዱም!" ይልብሃል። ሦስቴ ከሳትክ ደግሞ ይተኛል፣ እስኪነቃ ሻይህን ጠጥተህ ትመጣለህ። መልሱ እዚያው አካባቢ የሆነ ቦታ ተደብቋል። ለአንዱ በር መልሱ የዛፍ ጥላ ነበር። ለሌላው የወፍ ድምፅ፤ ወፏ አራቴ ስትጮህ አራት ቀዳዳ። እንደዚህ እያልኩ አስራ አንድ በር ከፈትኩ። አስራ አንድ! አስተማሪዬ "ድንጋይ" ባለችው በዚሁ ጭንቅላት።

አስራ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጠጠር ቆጠርኩ፣ ደመና ቆጠርኩ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ላስኩት። የአደን መብራት ደግሞ ሁለት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፤ ልክ አንድ ነገር ሊገለጥልኝ ሲል ድርግም! እንዴት እንደሚያናድድ። ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ልወረውር ስል ኻላ "ከወረወርከው አንተን አስከትልሃለሁ" ትለኛለች፤ እኔም ቀስ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

አብሮኝ የሚኖር ልጅ አለ፣ አስረኛ ክፍል የጨረሰ። "ተማሪው" ነው የምንለው። እሱም በሩን ሞክሮት በአንድ ሳምንቱ ተወው። አንድ ቀን መጥቶ ጎኔ ቁጭ አለ።

"ስማ፣ መልሱን ስልኬ ላይ አገኘሁት። አንድ ሰውዬ ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ አለ።"

"እንዳትነግረኝ።"

"አንድ ቃል ብቻ..."

"አፍህን ከከፈትክ ይሄን ጆይስቲክ ነው የማጎርስህ!"

ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዬ ተቀምጦ ያስል ጀመር። መልሱ አጠገብ ስደርስ የሚያስል መስሎኝ እቆማለሁ፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣለሁ። ለካ በሄድኩበት ሁሉ ነው የሚያስለው።

ሰኞ ዕለት ኻላ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ተናገረች።

"ይሄን የጥጉን ማሽን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ ከዓለም መጥቶ ይወስደዋል። ውስጡ ያለውን አጥፍቶ ኳስ ይጭንበታል።"

ዓለም ከከተማው ወጣ ብሎ በአብየን መንገድ ያለ ሰፈር ነው። ለኔ ግን ዓለም የሚያልቅበት መሰለኝ።

"ኻላ፣ እኔስ?"

"አንተ ምን? አብሬ ልስጥህ?"

ቤቱ ሳቀ። ልብ በሉ፣ አስራ አንዱ በሮቼ ያሉት ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። እሱ ሲጠፋ ይጠፋሉ። እንደ ትምህርቱ፣ እንደ ስፌቱ፣ እንደ ሳውዲው፣ አንድ ግማሽ ነገር ተጨመረልኝ ማለት ነው።

ተማሪው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "አይዞህ። ሦስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው አስራ አንደኛ በር ላይ ቢያቆም እድገት ነው።"

ብድግ አልኩ። "እስከ ሐሙስ ካልከፈትኩት ጢሜን እላጫለሁ!"

"ስድስቱንም?" አለች ኻላ።

ማክሰኞም ረቡዕም በሩ ዱም አለብኝ። ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሥራ ገባሁ። ሥራዬ ፉቁም ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር፤ የአንድ ሽማግሌ ነኾዳ ጀልባ ላይ ገመድ እጎትታለሁ። ነኾዳ የጀልባው አለቃ ነው። የሽቦ ወጥመድ ባሕር ውስጥ እንጥላለን፣ በሦስተኛው ቀን ሄደን እናወጣለን። ሌባ እንዳይወስደው ብሎ ላዩ ላይ ተንሳፋፊ አያስርበትም። ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም አይታይም፤ ሽማግሌው ግን "ቁም!" ይላል፣ መንጠቆ እንጥላለን፣ ወጥመዱ ይወጣል። ሁለት ወር ሙሉ አሸትቶ የሚያገኘው ነበር የሚመስለኝ። እኔ ሁሌ ከፊት ተቀምጬ ወደ ፊት ነው የማየው።

ያን ቀን ግን በሩን እያሰብኩ ተክዤ ዘወር ስል ሽማግሌው ወደ ኋላ ያያል። ጀልባው ወደ ፊት፣ ፊቱ ወደ ኋላ!

"ያ ዐም፣" አልኩት፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ "ምን ረሳህ?"

"ባሕር ምን ምልክት አለው ልጄ? ምልክቱ የብስ ላይ ነው።" በእጁ ወደ ዳርቻው አሳየኝ። "ያ ነጭ የመስጊድ ሚናራ ይታይሃል? ከጀርባው ያለው ተራራ የተሸረፈ ጥርስ አለው። ሚናራው ጥርሱ ውስጥ ሲገባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ቁም።"

አየሁት። ሚናራው እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ ሄዶ ተራራው ጥርስ ውስጥ ገባ። "ቁም!" አለ። ወጥመዱ እግራችን ስር ነበር።

ገመዱ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። የጌሙን ተራራ እኮ ከመቶ ጊዜ በላይ ወጥቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ዞሬ አይቼ አላውቅም! ስወርድ እንኳ ጆይስቲኩ ላይ አንድ ቁልፍ አለች፣ እሷን ተጭኜ ዳርቻው ላይ ዱብ ነው የምለው። ለምን እንደሆነ የገባኝም እዚያው ነው። ባሕሩን ተሻግረን ወደ አደን በእግር ስንመጣ፣ ያመጣን ደላላ ያስተማረን አንድ ነገር ነው፤ የፊትህን ሰው ተረከዝ እያየህ ሂድ፣ የዞረ ይቀራል። ዱላ ነበረው፣ በዱላው ያስተማረኝን ትምህርት አልረሳሁም። ሰውም መኪናም በሌለበት ደሴት ላይ እንኳ እንደዚያው ነበር የምሄደው።

ዓሣውን እንዳወረድን ባስ ላይ ዘለልኩ። ጎኔ የነበረው ሰውዬ አፍንጫውን በሻሹ ሸፍኖ ቦታ ቀየረ። አልፈረድኩበትም።

ጌም ቤት ስደርስ ረፋድ አራት ሰዓት ሆኗል፣ መብራት ገና መምጣቱ ነው። የኻላ እህት ልጅ ካርቶኑን ይዞ በር ላይ ቁጭ ብሏል።

"አንተ ልጅ፣ ዓሣውን ለብሰኸው ነው የመጣኸው?" አለች ኻላ።

"ኻላ፣ በአላህ፣ አንዴ ብቻ።"

የእህቷን ልጅ አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ሻዩን እስኪጨርስ።" በአረብኛም ነገረችውና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችለት።

ተራራውን ወጣሁ። በሩ ጋ ደረስኩ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ከታች አንድ የፈረሰ ግንብ አለ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ መስኮት አለው። በየቀኑ ስሩን የማልፈው ግንብ! ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ባሕሩ ላይ የመርከብ ምሰሶ ቆሟል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሌላ እርምጃ፤ ምሰሶው ልክ ግንቡ አናት ላይ እንዲቆም አደረግኩ። ኸላስ፣ ቁም። አራቱ መስኮት በዓለት ተደፈነ። በአምስቱ ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ታየ።

ከኋላዬ የተቀመጠው ተማሪው ማሳሉን ተወ።

ዞሬ አምስቱን ቀዳዳ ነካሁ። ዱም አላለም። ድንጋዩ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተከፈተ። ጮህኩ፤ ኳስ የሚጫወቱት ጎል የገባ መስሏቸው ዞሩ። ውስጡ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ ከፊቱ ክፍት ነው፣ ደሴቱ ሁሉ ከታች ይታያል። ሌላ ምንም የለም። ሽልማት የለም፣ ወርቅ የለም።

"ይሄው ነው እንግዲህ፣" አለ ተማሪው። "እኔ እኮ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም።"

"አንተ ያየኸው ሰውዬው ሲከፍት ነው፣" አልኩት።

ተቀመጥኩ። አስራ አንዱም በሮቼ ከዚያ ይታያሉ፣ ሁሉም ክፍት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ኻላ ከኋላዬ ቆማ "ኤጭ፣ ጢሙም ተረፈ" ስትል ሰማኋት፤ ትከሻዬን ግን ጨመቅ አድርጋ ነው የሄደችው። የእህቷ ልጅ ሻዩን ጨረሰ። የማሽኑን ገመድ የነቀልኩት ራሴ ነኝ፣ ካርቶን ውስጥ ያስገባሁትም ራሴ።

አርብ አረፍን። ቅዳሜ ጀልባዋ ላይ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሚናራው ተንሸራተተ፣ ጥርሱ ውስጥ ገባ፣ ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ቆምን። መንጠቆውን ጣልኩ። አሸዋ። ደግሜ ጣልኩ። አሸዋ።

ሽማግሌው ሳቁ እስኪያስለው ሳቀ። "አንድ ምልክት የት መስመር ላይ እንዳለህ ነው የሚነግርህ። ምን ያህል እንደራቅክ የሚነግርህ ሌላ አለ። እሱ ደግሞ..."

"ያ ዐም!" አልኩት፣ መንጠቆውን እየጎተትኩ። "እንዳትነግረኝ።"