የምትጮህ መኪና ይዞ እንጦጦ መውጣት

ሲ.ኤም.ሲ፣ ጎህ ሲቀድ

መንገደኛን ጎረቤት ሲሸኘው ደስ ይላል። እኔንም ጎረቤቶቼ በሌሊት ልብሳቸው መስኮት ላይ ቆመው ሸኙኝ። ፊታቸው ላይ ግን «በሰላም ግቢ» የሚል ነገር አላየሁም። ሪሞቱን ስጫን መኪናዬ በሯን በመክፈት ፈንታ መብራቷን እያርገበገበች ኡኡ አለች። ደግሜ ስጫን ባሰባት። በመጨረሻ ሪሞቱን አገጬ ላይ ለጥፌ ስጫነው ዝም አለች።

የአገጩን ዘዴ ያስተማረኝ መገናኛ ያለው አላርም ገጣሚ ነው። ትናንት የሪሞቱን ባትሪ ቀይሮ፣ «እህቴ፣ ችግሩ ባትሪው ነበር፤ አሁን ነፍስ ዘርታለች» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ችግሩ ሽቦው ነበር። ከዚያ በፊት ዝናቡ።

ድመት ኮፈኗ ላይ ስትወጣ ትጮሃለች። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ትጮሃለች። ክረምት ላይ ሌባ መጥቶ ሁለቱንም ስፖኪዮ በካቻቢቴ ፈቶ ሲወስድ ግን ጭጭ ብላ አደረች።

ዛሬ እንድታዋርደኝ አልፈልግም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አክስቴ እትዬ አየለች ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆየ። ለቀዶ ሕክምናው ስንት ወር ተራ ጠብቀን በስንት ልመና ለዛሬ ተቀጠሩ። ከቀትር በፊት ካልደረስን ተራው ለሌላ ይሰጣል። እትዬ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ጠበል፣ ከዚያ ሐኪም» ብለው ቁርጥ አድርገዋል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጠበል አልጠመቅም። ሹፌርነት ግን ሃይማኖት የለውም።

የካ

ዘንድሮ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሯል። መገናኛ ላይ ሚኒባሶች፣ ገልባጮችና እግረኞች በአንዲት የጭቃ መስመር ይጋፋሉ። ከዚያ ወጥቼ የካ የእትዬ በር ላይ ስደርስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ደጅ ቆመዋል።

«እንዴት አወቁ መምጣቴን?»

«መኪናሽን ከታች መታጠፊያው ላይ ስትጮህ ሰማኋታ። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ?»

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የሚያዩት የሰውን ጥላ ብቻ ነው። ወንበሩን በዳበሳ አግኝተው ተቀመጡና፣ «ሐኪሙ ባይሆንለትስ?» አሉ ድንገት። «ይሆንለታል» አልኩ፤ ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

የእንጦጦ ዳገት

ሺሮ ሜዳ ሸማ ሻጮቹ ገና አልከፈቱም፤ የተከፈተው ዳቦ ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የሚወጣው በአንደኛ ማርሽና በጸሎት ነው። ጭራሮ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ፤ ክላክስ ብነፋ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ እያለ ሲሄድ አየሩ ይቀዘቅዛል። እትዬ መስኮቱን ከፍተው ያሸታሉ።

«ደረስን፤ ሽታው ነገረኝ» አሉ። ልክ ነበሩ።

ኪዳነ ምሕረት፣ ረፋድ ላይ

እትዬን ጠበል ለሚያስጠምቁ ሴቶች አስረክቤ፣ መኪናዋን በልማድ ቆለፍኩና ውጭ ጠበቅኋቸው። ዙሪያውን በሽተኛ፣ አስታማሚና ለማኝ ሞልቷል። ከግቢው ስብከት፣ ከጠበሉ ቤት ደግሞ አልፎ አልፎ ጩኸት ይሰማል፤ ማንም አይደነግጥም።

እትዬ ከቀዝቃዛው ውሃ ወጥተው፣ ጀሪካናቸውን ሞልተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ መጡ። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም። አገጬ ላይ አድርጌ ተጫንኩ። ዝም። በሩን በቁልፉ ስከፍተው ግን ያ ኡኡታ እንጦጦን አናጋው። አላርሟ በሪሞቱ ካልጠፋ ደግሞ ሞተሯ አይነሳም። ሌባ እንዳይነዳት ተብሎ ነው።

ሰው ከበበን። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩት፤ ለካ ጩኸቷ የራሱ ባትሪ አለው! መልሼ ሰክቼ ኮፈኑን ዘጋሁት።

«ይቺስ ክፉ መንፈስ አለባት!» አለች አንዲት ሴት ከልቧ።

ስብከቱ ተቋርጦ አንድ ጎልማሳ ቄስ መጡ። «እህቴ፣ ዝም የምትልበት ብልሃት የላትም?»

«አባ፣ ቢኖራት እዚህ አልቆምም ነበር።»

እትዬ ጀሪካናቸውን ዘረጉ። «ይርጩባት፣ አባ።»

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እናቴ፣ እኔ የምረጨው ሰው ላይ ነው። ሽቦ ላይ ረጭቼ ብትቃጠል ለንስሐም አይመች።»

እትዬ አልጠበቁም። በዳበሳ ወደ መኪናዋ ቀርበው፣ «በስመ አብ» ብለው ጀሪካኑን እስኪያልቅ ኮፈኑ ላይ አፈሰሱት። መኪናዋ መጮኋን ቀጠለች።

ፀሐይዋን አየሁ፤ ከፍ ብላለች። የስንት ወር ተራ በዓይኔ ፊት ሲያልፍ ታየኝ። የእትዬ እጅ እጄን ጨበጠ፤ በረዶ ሆኗል። «ተዪው ልጄ» አሉ፤ «ያልተባለልኝ ቢሆን ነው።»

«እንግፋት!» አሉ ቄሱ። «ቢያንስ ጩኸቷን ከስብከቱ እናርቀው።»

እትዬን አስገባኋቸው፤ መሪውን ያዝኩ። ጠበልተኞቹ፣ አስታማሚዎቹ፣ ቄሱም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገፉ። ወደ ቁልቁለቱ ተንደረደርን፤ አንድ ኩርባ፣ ሌላ ኩርባ፣ ኡኡ እያልን። ፍሬን ይዤ ዛፎቹ መሐል ቆምኩና በንዴት ሪሞቱን ጨመቅሁት።

ጢው አለች። ዝም አለች። ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ተነሳ።

ቀና ስል ከኋላችን፣ ከተራራው ጫፍ ላይ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማሰራጫው ማማ ከዛፎቹ በላይ ተገትሯል። ሰማዩን በሙሉ ሞገድ የሚሞላው ብረት ሥር የኔ ሚጢጢ ሪሞት ማን ሊሰማት? ይህን ላስረዳ ዞር ስል እትዬ ባዶውን ጀሪካን ታቅፈው ፈገግ ብለዋል።

«አየሽ?» አሉኝ።

የማማውን ነገር ዋጥኩት።

ሆስፒታል፣ ቀትር ሲቃረብ

ሞተሩን ለማጥፋት ማን ደፍሮ! በር ላይ ጥበቃው ቆጣ አለ፤ «እመቤት፣ አጥፊና ውረጂ!»

«ከጠፋ አይነሳም፤ አክስቴን አድርሼ ልመለስ፣ በእናትህ።»

ሌባ እንዳይደርስባት ስንት የወጣባትን መኪና በሯን ከፍቼ፣ ሞተሯን አስነስቼ፣ ቁልፏን ሰክቼ ትቻት ገባሁ። እትዬን የጠሯቸው ገና ስንገባ ነው። ስመለስ ማንም አልነካትም።

«እንዲህ ተከፍታ የቆመችን ማን ይሰርቃል?» አለ ጥበቃው። «ወጥመድ ናት ብሎ ይሸሻል እንጂ።»

በማግስቱ

መኪናዬን ለጎረቤቶቼ ትቼ በላዳ ታክሲ ሄድኩ። ነርሷ ከአንዱ ዓይናቸው ላይ ፋሻውን ቀስ ብላ አነሳችው። እትዬ ጣሪያውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ተመስገን» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ዘርግተው ፀጉሬን ነኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብሽ?»

«ቆየ፣ እትዬ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እማማ፣ ማልቀስ የለም! ቁስሉ ገና ነው» አለች ነርሷ።

የላዳው ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማው ሁሉ ተቆፍሮ፣ ሕንጻው ሁሉ በአጠና ታጥሮ ቆሟል፤ ብዙ የሚታይ ነበር። እትዬ ግን እስከ የካ ድረስ መንገዱን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።