የዳማው እርካብ

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ እስከ አዘና እንደ እኔ ፈረስ የጋለበ ሰው አልተወለደም። ይህን ያልኩት ባለፈው ሰሞን ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ክሊኒክ በሄድኩ ጊዜ ነው። ወጣቱ ሐኪም እብጠቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ «ምን ሆነው ነው፣ ጋሼ?» ቢለኝ «ፈረስ ነው ልጄ፤ የጉብዝና ዘመን ግልቢያ ነው አሁን የሚጠዘጥዘኝ» አልኩት። ልጁ አምኖ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ላንተ ልንገርህ። ጉልበቴ ያበጠው ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ተጠምዝዞ ነው። ፈረስ ደግሞ በዕድሜዬ ሰው ፊት የወጣሁበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ጋላቢው እኔ ልሁን ፈረሱ ይሁን እስከ ዛሬ አልተለየም።

ሐኪሙ ቅባት አፍስሶ ማሸት ሲጀምር ግን ሣቄ ቀረ። ያበጠ ጉልበት በቅባት ሲታሽ የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ጩቅ፣ ጩቅ የሚል፣ ውሃ በገባበት ጫማ እንደመራመድ ያለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሰማሁት ግን ከራሴ ጉልበት አልነበረም።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ቤታችን ጥርባ ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ማለዳ ከሐይቁ በኩል ጉሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው የዳማው ፈረሱ ኮቴ፣ ቀጥሎ የአባቴ ሳል ነበር። ሁለቱ ከጉም ውስጥ ብቅ ሲሉ የትኛው ሰው የትኛው ፈረስ እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይወስድ ነበር። እናቴ «ይህ ሰውዬ እኔን ያገባው ዳማውን የሚያጥብለት አጥቶ ነው» ትል ነበር። አልተሳሳተችም።

ጥር ሲመጣ የየአካባቢው ፈረሰኛ ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የምነግርህ ዓመት ደግሞ የእኛን አካባቢ ሰልፍ ከፊት ሆኖ እንዲመራ አባቴን መረጡት። ሃያ ዓመት ከጅራት ተነሥቶ፣ የሞተ እየሞተ፣ ያረጀ እያረጀ፣ አንድ አንድ ፈረስ ወደ ፊት ሲጠጋ የኖረ ሰው ነው። የሰማ ቀን ለዳማው ነገረው፤ በአገው ቋንቋ፣ በጆሮው። ለእኛ የነገረን በነጋታው ነው።

እኔስ? እኔ ዳንግላ የምማር፣ ቤት ተከራይቼ የምኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ የምመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት ቀልደኛ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ቅጽል ስም ያላወጣሁለት አስተማሪ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ከፊቴ ለምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ዳማው የእኔ እንደሆነ፣ ጥር ላይም እንደምጋልበው ነግሬአታለሁ። ዞር ብላ አየችኝና «መጥቼ አያለሁ» አለች። «ዋሽተህ ከሆነ ግን ለክፍሉ በሙሉ ነው የማወራው።»

በዓሉ ስድስት ሳምንት ሲቀረው አባቴን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ዳማውን እኔ ብወጣበትስ?»

የፈረሱን ጋማ ማበጠሩን ሳያቆም «ስሞት ትወጣበታለህ» አለኝ።

ያን ያህል የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም።

እርካብ አይተህ ታውቃለህ? ከኮርቻው ግራና ቀኝ በጠፍር የተንጠለጠለ ብረት ነው። አባቴ እንደ ድሮዎቹ በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ እያስገባ ነበር የሚረግጠው። እንዲህ የሚጋልብ ሰው እግሩ ወደ ታች ዘርጋ ማለት አለበት። ጠፍሩ ካጠረ ጉልበት ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ፈረስ ላይ ሆኖ ቁጢጥ እንዳለ ይውላል። ቋጠሮው ደግሞ ኮርቻውን ከሚያለብሰው ጨርቅ፣ ከግላሱ ሥር ስለሚገባ አይታይም። እኔ ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አባቴ ለገበያ ሲወጣ፣ ሁለቱንም ጠፍር በአንድ አንድ ጣት አሳጠርኩ። በአንዴ ባሳጥረው ያውቃል። በሳምንት አንድ ጣት ግን ማን ያውቃል?

በሁለተኛው ሳምንት እራት ላይ ጉልበቱን እያሻሸ «ዳማው ወፈረ መሰለኝ» አለ። «ጉልበቴ ወደ አገጬ እየመጣ ነው።» ከዚያ ዕለት ጀምሮ የፈረሱን ገብስ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ቀነሰ። የዳማው ጎን እንደ ከበሮ ጠፍር መቆጠር ጀመረ፤ አባቴ ግን አሁንም «ወፍሯል» ይላል። ጉልበቱ በጠዋት ሲነሣ የደረቀ እንጨት ይመስል ይጮሃል፤ ከልምምድ ሲመለስ ቀልቶ፣ ተወጥሮ፣ ሲነኩት ይተኩሳል። ቢሆንም በማግስቱ ይወጣል። ሲወርድ አጥሩን ተደግፎ ነው፤ ያየው እንዳለ ሲያውቅ አጥሩን የሚጠግን ይመስል እንጨቱን ነቅነቅ ያደርጋል።

እኔ ዝም ብል መልካም ነበር። ዝም የሚል አፍ ግን አልተሰጠኝም። ፈረሰኛ ሁሉ በፈረሱ ስም «አባ እንዲህ» እየተባለ ይጠራ የለ? እኔም ለአባቴ «አባ ዱባ» የሚል አወጣሁለት፤ ለጉልበቱ። ለሁለት ጓደኞቼ ብቻ ነበር የነገርኩት። በሳምንቱ ስመጣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሳይቀሩ ይሉታል። አንዱ የጅራት ፈረሰኛ በሩ ላይ ቆሞ «አያ አባ ዱባ! ፍሬው ደረሰ ወይስ ገና ነው?» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። አባቴ «ለአንተ የሚሆን ቅል ነው የያዝኩት» ብሎ ሣቀ። ስሙን ማን እንዳወጣው አልጠየቀም።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ጉልበቱ አልታጠፍም አለ። ወጌሻ መጣ፤ እጁ እንደ መጥረቢያ እጀታ የደረቀ ሽማግሌ። ሁለት ቀን በቅቤ አሸው። ጩቅ፣ ጩቅ። ቅዳሜ ማለዳ እኔ ስደርስ ብረት እሳት ውስጥ ከቶ ነበር።

«ና አንተ ጎረምሳ፣ ቁርጭምጭሚቱን ያዝ» አለኝ። «ብትለቅ አንተን ነው የምተኩስህ።»

ያዝኩ። በበሩ የምትገባው ፀሐይ ልክ ጉልበቱ ላይ አርፋ ነበር፤ የተወጠረው ቆዳ ያብረቀርቃል። የዚያ ጉልበት መድኃኒት አራት ጣት ጠፍርና ጥቂት ቀን ዕረፍት ነበር። «ጠፍሩ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። አባቴ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ አየኝና፣ ከጥርሱ ለቀቅ አድርጎ «አትፍራ» አለኝ። እኔን ነው አትፍራ ያለው።

ብረቱ ሲያርፍ የፀጉሩና የቆዳው ሽታ ቤቱን ሞላው። እግሩ በእጄ ውስጥ እንደ ተያዘ ዓሣ ተፈራገጠ። ወጌሻው «ፈረሰኛ ነኝ ስትል አልነበር? እንግዲህ ጋልብ!» አለው። እኔም ሣቅሁ። አዎ፣ ሣቅሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር።

ቁስሉ ሳይደርቅ በዓሉ ደረሰ። የሰልፉን ፊት ለሌላ ሰው ሰጡ። አባቴ ዋዜማውን ኮርቻውን አስመጥቶ ሲወለውል ዋለና «እንግዲህ አንተ ውጣበት፤ ከጅራት ጀምር» አለኝ። እኔም ወደ ጋጣው ወስጄ ጠፍሩን ወደ ድሮው ልክ መለስኩት። የእኔ ጉልበት እንዳይታመም።

ሜዳው ላይ አቧራው፣ የፈረሱ ላብ፣ የግላሱ ቀይና ቢጫ ዓይን ያጥበረብር ነበር። አባቴን በጋሪ አምጥተን ከዳር አስቀምጠነዋል፤ እግሩን ዘርግቶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ። ልጅቱም መጥታለች። አየችኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ሰልፉ ተነሥቶ ጩኸቱ ሲቀልጥ ዳማው ጆሮውን አቆመና ከመስመር ወጣ። ወር ሙሉ ገብሱ የተቀነሰበት ፈረስ ነው፤ ገብስ የሚሰጠውን ሰው ሽታ ከማዶ አገኘው። ልጓሙን ሳብኩ፤ የሚሰማ የለም። ቆቤ ወደቀ። አንገቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ «እናቴ ድረሽልኝ!» እያልኩ ሜዳውን አቋረጥኩ፤ ዳማው ቀጥ ብሎ አባቴ ፊት ቆመና አፍንጫውን ጋቢው ውስጥ ቀበረ።

ሜዳው በሣቅ ፈነዳ። «አባ ዱባ ልጁን ጡት ሊያጠባው ጠራው!» አለ አንዱ።

አባቴ የጋሪውን ጎማ ተደግፎ በአንድ እግሩ ተነሣ። ልጓሙን ያዘና በቻለው ድምፅ «እኔ ነኝ ና ያልኩት!» ብሎ ጮኸ። «አባቴ ሳይመርቀኝ አልጋልብም ብሎ ነው! ልጅ ማለት ይሄ ነው!» ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጉልበቴ ላይ አሳረፈ፤ ፈረስ ላይ ስለነበርኩ እጁ ራሴ ላይ አልደረሰም። «ጉልበትህን ያጽናልህ» አለኝ።

ሣቁ ጸጥ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰኞ ልጅቱ ለክፍሉ ተማሪ በሙሉ «አባቱን የሚያከብር ልጅ ነው» ብላ አወራችልኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ፈረስ ላይ አልወጣም። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወዳጆቹ ሲሞቱ ፈረሰኛው ቀብር ሲሸኝ እሱ በዘንግ እያነከሰ ከኋላ ይከተል ነበር፤ ልጆች «አባ ዱባ» ሲሉት ዘንጉን ያነሣላቸዋል።

ሊሞት በነበረበት ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከአጠገቡ ተቀምጬ እያለ ድንገት ጠየቀኝ።

«ያን ዓመት ኮርቻው ላይ የሆነ ነገር ነበረበት እንዴ?»

«ምንም አልነበረበት፣ አባዬ» አልኩት። «እርጅና ነው።»

«ይሁን» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጉልበቱ በተተኮሰ ጊዜ አባቴ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበር። እኔ አሁን ሃምሳ አንድ ነኝ። እንዳይከፋው ብዬ ዋሸሁት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ጎረቤት ሰምቶ እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።