የውሃ ተራው ወረቀት

የጎልማሶች ትምህርት በሚሉት ነገር አላምንም ነበር። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩትም ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ ግራር ሥር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሀሁ አስቆጥራለሁ። መጽሐፉ ፊደሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጨርሱ ይላል። ተማሪዎቼ ግን ደጋው ላይ ደመና ሲጠቁር ባዩ ቁጥር አካፋቸውን ይዘው ይሮጣሉ። እኔም ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ ማጠጣት ለቆላ ሰው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ «ቀሪ» ብዬ እመዘግባለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ «መምህር፣ ስሜን መጻፍ አታስተምረኝ፤ ለፊርማ አውራ ጣቴ ይበቃኛል» አለችኝ። «የውሃ ተራውን ወረቀት ማንበብ ነው የምሻው።»

ወረቀቱ ጎርፍ ሲመጣ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚናገር ዝርዝር ነው። ክረምት ሲገባ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል፤ ተራው በየዓመቱ ይቀያየራል። ለእሷ የሚያነቡላት አንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «መጨረሻ ነሽ» ብለዋታል። መጨረሻ ላለ ሰው ጭቃ እንጂ ውሃ አይደርሰውም፤ ማሽላዋ ሁለቴ ሳያፈራ ደርቋል።

«እኔ አነብልሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አንተማ ነገ ትዛወራለህ።»

ግማሹን ከነስሟ ዝናብ ያጠፋውን ያምናውን ወረቀት ከበሩ ልጬ አመጣሁና መጽሐፉን ዘግቼ በሱ ማስተማር ጀመርኩ። ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ «ገጽ ስንት ደረሳችሁ?» ሲለኝ መጽሐፉ ቤት እንደቀረ ነገርኩት። ምን ብሎ ሪፖርት እንዳደረገብኝ አላውቅም።

አዲሱ ዝርዝር የተለጠፈ ቀን ሰው በሩን ከቦ ቆሟል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እታለም፣ ዘንድሮም መጨረሻ ነሽ» አሏት።

እሷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ በቀስታ ወደ ታች ወረደች። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«አያ፣ ይኸውና እኔ። ሦስተኛ ነኝ።»

«ዓይኔ ነው፤ መነጥሬን ረስቼ...»

«ወላሂ በሉ፤ የአንቱስ ስም የቱ ጋ ነው?»

ሽማግሌው ከስሞቹ ግርጌ ያለውን ማኅተም አመለከቱ። ሳቁ ቀበሌውን ሞላው። ለካስ ማንበብ አይችሉም፤ በሰው አፍ የሰሙትን ያቻምናውን ተራ በቃላቸው ሲወጡት ነው የኖሩት።

እኔ ለሽማግሌ ጉባኤ ይቅረቡ ባይ ነበርኩ። እሷ ግን በተራዋ ማሳዋን ውሃ ካጠጣች በኋላ፣ እግሯ በጭቃ እንደተለወሰ ቤታቸው ሄዳ እንዲማሩ ግራሩ ሥር ይዛቸው መጣች። «እኔን ሊጎዱ አይደለም፤ ማንበብ አልችልም ማለት አፍረው ነው» አለችኝ።

በተከታዩ ዓመት ማንበብ ለማይችሉት የምታነብላቸው እሷ ነበረች። «እኔን ብቻ አትስሙ፣ እዩት» እያለች ከየስሙ ሥር ጣቷን ታስኬዳለች። አራተኛው ስም ላይ ሽማግሌው «ተሳስተሻል» ብለው አስቆሟት። ቀረብ ብዬ አየሁት። እሳቸው ነበሩ ትክክል።