ከበሮ የሌለው ዘፈን

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ሀያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ላጤ ሴት ለብቻዋ ቤት ብትከራይ ስሟ ስለሚነሳ፣ አባቴ ከይጁቤ ድረስ መጥቶ አንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ጓዳ የምታህል ክፍል ያዘልኝ። “የኔታ፣ አደራዎን” ብሎ ሄደ። የኔታ የዲማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዜማ ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ቁጡና ቀልደኛ ሽማግሌ። እንደሳቸው ያለ አከራይ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ጾመ ድጓ ሲመሩ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ከዲያቆናቱ አንዱ ሳቀ። የኔታ ቤት ገብተው መቋሚያቸውን ጥግ አስደገፉና “ከእንግዲህ በቃኝ” አሉ። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ሲሆን፣ ባልንጀሮቻቸው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲያዜሙ፣ እሳቸው ደጅ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ሚስታቸው አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጎትተው “ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ዜማውን ከተወ አይከርምልኝም” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ምግብ እንኳ ከመቅመስ በቀር አይበሉም ነበር።

እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ ነበረኝ። አብሮኝ ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ትልቅ ሸክላ ትቶልኝ ሄዷል። ሮክ የሚሉት ሙዚቃ ነው። ዘፋኙ ብዙ ዘመን ከባንድ ጋር ኖሮ በስተርጅና ለብቻው የወጣ፣ ሽፋኑ ላይ ሽበቱን አንጨባርሮ የተነሳ ሰው ነው። ወድጄው ነበር፣ ምን ልደብቅ! ሁዳዴ ሲገባ ግን ዘፈን ነውር ነው። የደብር ልጅ ስለሆንሁ መላ ፈለግሁ። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከበሮና ጸናጽል አይነካም፤ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚዜመው። ከሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ሽማግሌው በአንድ ጊታር ብቻ የሚዘፍነው፣ ከበሮ የሌለው አንድ ዘፈን አለ። ስለዚህ እሱ የጾም ነው ብዬ ፈረድሁ። ሊቃውንቱን የሚያህል ፍርድ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሱን ብቻ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የኔታ ናቸው።

“ምንድን ነው የምሰማው?”

“ከበሮ የለውም፣ የኔታ” አልሁ፣ አፌ እንዳመጣልኝ።

ትክ ብለው አዩኝና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። “ይህን ሥርዓት ማን አስተማረሽ?” እኔ በልቤ ጓዜን ጠቅልዬ ይጁቤ ገብቻለሁ። እሳቸው ግን በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ።

“ድገሚው እስቲ።”

ደገምሁት። ሽማግሌው ዘፋኝ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። እኔ ያን ቦታ አልወደውም፤ ያሳፍረኝ ነበር። የኔታ ጆሯቸውን አስጠጉ።

“እዚህ ላይ ከዳው።”

“አዎ።”

“ሸክላ ሲቀረጽ የተበላሸውን ደግመው አያስተካክሉትም?”

“ያስተካክላሉ፣ የኔታ። እሱ ነው የተወው።”

“እያወቀ?”

“እያወቀ ይመስለኛል።”

ዘፈኑን እስኪያልቅ ሰሙት። ከዚያ ተነሥተው ሸክላውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። “ዘፈን ዘፈን ነው፣ ከበሮ ኖረው አልኖረው። እስከ ፋሲካ እኔ ዘንድ ይቆያል” ብለው ወጡ።

በዚያው ሳምንት አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ መደቡ ባዶ ነው። ሚስታቸው የአጥሩ በር ላይ ቆመው “ሄደልሽ!” አሉኝ። ደብተሮቼን እጃቸው ላይ ጥዬ ሮጥሁ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ተራው የየኔታ ነበር። ዝቅ ባለው ላይ ደህና ሄዱ። ከፍ ወደሚለው ሲወጡ ያው ተሰነጠቀ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቢያቆሙ ብዬም ተመኘሁ። አላቆሙም። በዚያው በተሰነጠቀ ድምፅ፣ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ እየመቱ፣ ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው አደረሱት። ያኔ አለቀስሁ።

ቤት ሲገቡ ሚስታቸው “እንዴት ሆነልህ?” አሏቸው።

“ከዳኝ” አሉ የኔታ። “እኔ ግን አልተውሁትም።” ከዚያ እንጀራ ይቅረብልኝ አሉ፤ ሁለት ጊዜም አስጨመሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሁዳዴ አገለገሉ፤ ድምፃቸው በየዓመቱ እየባሰበት። በሦስተኛው እሳቸው አልነበሩም። አንድ ወጣት መሪጌታ ተተክቶ መራ፤ ድምፁ እንከን አልነበረውም። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ የሚሰነጠቅበትን ቦታ ስጠብቅ ዜማው አለቀ።