በእህቴ ፋንታ የሰጠሁት ደም

ላሊበላ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እኔ ሽበታሙ ጀግና ጣቴን ደበቅሁ። የላብራቶሪዋ ልጅ ሳቀችብኝ።

ልጅ ሳለሁ ታናሽ እህቴ በትኩሳት ወድቃ ከምንኖርበት ተራራ መውረድ አቃታት። ቄሱ አያታችን «የአንድ እናት ልጆች ደም አንድ ነው፤ አንተ ትሄድላታለህ» ብለው እኔን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ። መርማሪው ጣቴን ወግቶ ደሜን መስታወት ላይ ቀባና በማይክሮስኮፕ አየው።

«አባ፣ ምንም ተሕዋስ የለበትም፤ ደሙ ደህና ነው» አላቸው። የታመመችው ሌላ መሆኗን የነገረው የለም።

እኔማ ያዳንኋት መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ። አያቴ መደቡ ጫፍ ተቀምጠው «ተነሺ ልጄ፣ ደምሽ ደህና ነው ተብሏል» አሏት። አምናቸው ልትነሳ ሞከረች።

በሳምንቱ ቀበርናት።

ዛሬ የላብራቶሪዋ ልጅ «አባባ፣ ደምዎ ደህና ነው» ስትለኝ «የማን?» አልኋት። የምቀልድ መሰላት።