ሆድ ውስጥ ያለ ውሃም አይፈቀድም

ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለሚስቴም ቢሆን። ሚስቴ ደግሞ እኔ ሩብ ሰዓት ዝም ካልኩ አምቡላንስ ልትጠራ ስልክ የምታነሳ ሴት ናት። እዚህ እስራኤል፣ ርሆቦት ከተማ፣ በሰፈራችን በክርያት ሞሼ ከአፌ ያመለጠ ሰው የለም፤ ሙሽራ አልምርም፣ ለቀስተኛ አልምርም። አንድ ነገር ብቻ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሴ ሥር ይዤ ኖሬአለሁ። ዛሬ እናንተ ፊት አወጣዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ውሃ እንዳይጠጡ ከለከልሁ። እኔ ነኝ የከለከልሁ። ለሳቅ ብዬ።

አባ ይርጋ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤቴ ነበሩ። እኛን ቤተ እስራኤሎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ባመጣን በዚያ የአውሮፕላን ጉዞ እህታቸው አዛነች ቀርታባቸዋለች። ስሟ የተጓዦቹ ዝርዝር ላይ ስላልተገኘ ከበር መለሷት። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ እሷ አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት አልተያዩም። አዛነች ጎንደር ላይ የአልጋ ቁራኛ መሆኗ ሲሰማ፣ ልጃቸው ዝናሽ ቲኬት ቆረጠችላቸው። እኔም ዘመድ ልጠይቅ የምሄድ ስለነበርኩ ለእኔ አደራ ሰጠቻቸው።

«አደራህን፣ ኩላሊታቸው ደካማ ነው። ሄርዝል ጎዳና ያለችው ሐኪም፣ ውሃ ሳያቋርጡ ይጠጡ ብላለች» አለችኝ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ባሕሩን አስጠጣቸዋለሁ» አልኳት።

ያን ሰሞን በአውሮፕላን መጠጥ ይዞ መግባትን የሚከለክለው ሕግ ገና ትኩስ ነበር። ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ቦርሳ አይያዝም፤ ከተገኘ ፍተሻው ላይ ይጣላል። ይህ እውነት ነው። በመሄጃችን ዋዜማ፣ ከሕንፃው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሽማግሌዎቹ ስለ ሕጉ ሲጠይቁኝ፣ ይህንኑ ብነግራቸው ምን ነበረበት? እኔ ግን እውነት ብቻዋን ስትሄድ ታሳዝነኛለች፤ አጃቢ ካልጨመርኩላት እንቅልፍ አይወስደኝም።

«አባ ይርጋ፣ የጠርሙሱስ ቀላል ነው» አልኩ። «ሆድ ውስጥ ያለ ውሃም አይፈቀድም። ሆድ የሚያይ ማሽን አምጥተዋል። ከአንድ ብርጭቆ በላይ ካገኘብዎ ይጮሃል፤ ከበር ይመልሱዎታል።»

«ወግድ! አንተ ቀጣፊ!» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ስለሳቁ ያላመኑ መሰለኝ።

እንዴት ያምናሉ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ አስቡት። እኚህ ሰው ከዚያ በፊት አውሮፕላን የተሳፈሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ዕቃችሁን ጣሉ ተብለው፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የጠየቀ ይቀራላ! ለእኛ ሰው የአውሮፕላን ሕግ የሚታዘዙት እንጂ የሚጠይቁት አይደለም። ይህን እኔ አላውቅም ነበር? እኔም እኮ እዚያው ወለል ላይ ቁጥሬ ተለጥፎብኝ ተቀምጬ ነበር። «ይመልሱዎታል» የሚለው ቃል አባ ይርጋን ምን እንደሚያደርጋቸው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የሚያማቸውን ቦታ ዐውቄ ነው የነካሁት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተነሳን። አውሮፕላኑ በአውሮፓ በኩል አዙሮ የሚሄድ ነበር። አስተናጋጇ ውሃ ስታቀርብ አባ ይርጋ በእጃቸው መለሱት። እኔ የእኔን ጠጣሁ። የእሳቸውንም ጠጣሁ። ወርደን ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን ስናልፍ ሌላ ፍተሻ ገጠመን። ፈታሹ ዝናሽ የሸከፈችላቸውን፣ ክዳኑ እንኳ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ከቦርሳቸው አውጥቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረው። አባ ይርጋ ዞረው አዩኝ። ነቢይ ያየ ሰው እንደዚያ ያያል።

«እውነትህን ነው ለካ» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብን። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም። አሁንስ ጉሮሮዬን ላርጥብ?» አሉ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። እስከዚህ ድረስ ማመናቸውን አላወቅሁም ልል እችላለሁ። ከዚህ ወዲያ ግን ዐውቄአለሁ። የውሃ ቧንቧው ከተቀመጥንበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። «ቀልዴን ነው አባ፣ ይጠጡ» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ነገር ግን ከአጠገባችን አሽዶድ ከተማ የሚኖሩ፣ አማርኛ የሚሰሙ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠዋል፤ ነገሩን ሰምተው ሳቃቸውን አፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ የሚስቅልኝ ሰው ካገኘሁ ቤቴ ቢቃጠል አልነሳም።

«ተዉ አባ፤ ገና አንድ አውሮፕላን ይቀራል። እዚህ ድረስ መጥተው ይመለሱ?» አልኩ።

«እሱስ እውነት ነው» አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጎልማሶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅሁ። እኔ፣ ባሕሩን አስጠጣቸዋለሁ ያልኩት፣ ሳቅሁ።

አዲስ አበባ ስንደርስ አባ ይርጋ የት እንዳሉ አያውቁም ነበር። «አዛነች፣ ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው» ይላሉ። በተሽከርካሪ ወንበር አውርደን ሆስፒታል አስገባናቸው። ሐኪሙ፣ መጨረሻ ውሃ የጠጡት መቼ ነው ሲለኝ፣ «እምቢ እያሉኝ እኮ ነው፤ ሽማግሌ አይደሉ!» አልኩት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። በአራተኛው ቀን ጎንደርን ሳያዩ ወደ እስራኤል መለሷቸው። አዛነች ወንድሟ አዲስ አበባ ደርሶ እንደተመለሰ ሰማች። በዓመቱ ሞተች።

ርሆቦት ከተመለስን በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን ከሚያጥበው ማሽን ጋር ይታሰሩ ጀመር። ዝናሽ፣ «አንተ ባትኖር መንገድ ላይ ይቀሩብኝ ነበር» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። ሰማችሁ? አሜን አልኩ!

ኩላሊቱ የቆመ ሰው ውሃ እንደ ልቡ አይጠጣም፤ የጠጣው መውጫ አጥቶ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ነርሷ በትንሽ ኩባያ እየለካች ነበር የምትሰጣቸው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ኩባያውን አንስተው አሳዩኝና፣ «ሕጉ እዚህም ደረሰ?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ሕጉን ታውቃለህ፤ እስቲ አንድ ብርጭቆ ለምንልኝ» አሉ።

ያን ቀን ልናገር ነበር። «አባ ይርጋ፣ ያ የሆድ ውሃ ሕግ ያልኩዎት…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። እጄን ያዙ።

«እሱንማ አንተን አመሰግናለሁ» አሉ። «ባትነግረኝ እንደ አዛነች ከበር ይመልሱኝ ነበር። አሁን ግን ባላያትም አገሬ ገብቼ ወጥቻለሁ።»

እኔ ምን አልኩ? «አዎ፣ አባ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልቆዩም። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በቅርቡ አንዲት ባልቴት ለጉዞ ሲሰናዱ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንደማይጠጡ ሲናገሩ ሰማሁ። በሕይወት ሳሉ አባ ይርጋ ናቸው የመከሯቸው። «እማማ፣ ውሸት ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!» አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ መቼም! በሟች ይቀለዳል?» አሉኝ። ለምኜ፣ ምዬ፣ በመጨረሻ ልጃቸውን ጠርቼ ነው ያስጠጣኋቸው።

ስለዚህ ጻፍሁት። በአፌ ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ ያንንም በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው። ማሩኝ አልልም። ሊምሩኝ የሚችሉት ሰው እኔን እያመሰገኑ ሞቱ፤ ከእሳቸው ሌላ ማን ይማረኛል? ልጃቸው ዝናሽ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ሰው ነው የሚያነብላት። የምታነብላት ሰው ሆይ፣ እዚህ ስትደርስ «ደግሞ ጀመረው፤ ሲቀልድ ነው» ብላ ትስቅ ይሆናል። ስቃ እስክትጨርስ ጠብቃት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረህ እንደገና አንብብላት።